ቀዩ፣ ጥቁሩ እና የባለቤቴ ጉልበት

ባለቤቴ ሁለት አሮጌ ሞተር ሳይክሎች፣ አንዲት ሚስትና አንድ የታመመ ጉልበት አለው። ስለ ሞተሮቹ ላገኘው ሰው ሁሉ ያወራል፤ ስለ ጉልበቱ ለእኔ ብቻ። ስለ እኔ ለማን እንደሚያወራ እስካሁን አላወቅኩም። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የምሠራው እቤቴ፣ መስኮት ሥር፣ የስፌት መኪናዬ ላይ አጎንብሼ ነው። መስኮቱ የሚያሳየው ግቢውን ስለሆነ ይህ ሰው ከሞተሮቹ ጋር የኖረውን ኑሮ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። መጨረሻ ላይ ጥፋተኛዋ እኔው ሆኜ መገኘቴን ግን ከወዲሁ ልንገራችሁ፣ ኋላ አልሰማንም እንዳትሉኝ።

ሥራው ሚዛን መመርመር ነው። የናስ ክብደቶቹን በእንጨት ሳጥን አድርጎ ሞተሩ ኋላ ላይ ያስርና ሥጋ ቤት፣ እህል መደብር፣ ወርቅ ቤት ሳይል እየዞረ የነጋዴውን ሚዛን ይፈትናል። ልክ ሆኖ ካገኘው ማኅተም ያደርግበታል፣ ካላገኘው ከሥራ ያግደዋል። በዓለም ላይ ከሁሉ አብልጦ የሚጠላው ነጋዴ ሚዛኑን በጣቱ ጫን ሲያደርግ ማየት ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ያጋጠመው ዕለት ምሳ አይበላም። የሰፈሩ ሰው «ጋሽ ሚዛን» ነው የሚለው። እቤትም ያው ነው። ልጆቻችን ትንንሽ ሳሉ አንዲት ብስኩት ለሁለት ስትከፈል ያለቅሱ የነበረው ድርሻቸው አንሶ አይደለም፤ አባታቸው ለክቶ እስኪጨርስ ስለሚርባቸው ነው። ዛሬ ሁለቱም ከቤት ወጥተዋል፣ የማካፈል አመሉም እንዳለ ወደ ሞተሮቹ ዞሯል።

ቀዩን ገና ወጣት ሠራተኛ ሳለ በራሱ ላብ የገዛው ነው። ትንሽ፣ ጨዋ፣ እንደ ቢሮ ጸሐፊ ንጹሕ የሆነ ሞተር ነው፤ አንዴ ሲረገጥ ይነሳል፣ ድምፁን አያሰማም፣ ማንንም አያስቀይምም። ጥቁሩ የአባቴ ነበር። አባባ ዓይኑ ሲደክም፣ እኛም በተጋባን በሁለተኛው ወር፣ «በል ያንተ ነው» ብሎ ለባለቤቴ ሰጠው። ትልቅ፣ ከባድ፣ ሲነሳ ሦስተኛው መንገድ ድረስ የሚሰማ፣ የቆመበትን ሁሉ በዘይት የሚያበላሽ ኩራተኛ ነገር ነው። ባለቤቴ እንዳይቀያየሙ ብሎ ቀን ደለደለላቸው። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ የቀዩ፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ የጥቁሩ ነው፤ እሑድ ሁለቱም ያርፋሉ። እኔ እሑድም እሰፋለሁ።

ጥቁሩ አንድ አመል አለው፤ አይነሳም። ማለቴ፣ ለባለቤቴ አይነሳም። በሳምንት ሦስት ጠዋት ይህ ሰው ኮቱን አውልቆ አጥሩ ላይ ይሰቅላል፣ ጋዙን እስከ መጨረሻው ይጠመዝዛል፣ ከዚያ ይረግጠዋል፣ ይረግጠዋል፣ ይረግጠዋል። አሥራ አምስተኛው ላይ ይሳደባል። ሃያኛው አካባቢ ሞተሩ እንደ ማስነጠስ ይልና ይነሳል። ባለቤቴ ላቡን ጠርጎ፣ ኮቱን ለብሶ፣ ወደ መስኮቱ ይዞርና እንዳሸነፈ ሰው እጁን ያነሳልኛል። እኔም አነሳለታለሁ።

እንግዲህ ጉዴን ላውጣው። ያ ሞተር በአንድ እርግጫ ይነሳል። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ አባባ ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ ባለው ባዶ ሜዳ ወስዶ ያስነዳኝ በእሱ ነው፣ ዘዴውን ያሳየኝም ያኔ ነው። ማብሪያውን ሳትከፍት ሁለት ጊዜ በቀስታ መርገጥ፤ ወደ ግራ አጋድሎ እስከ አምስት መቁጠር፤ ማቃናት፣ ማብሪያውን መክፈት፣ ጋዙን ሳይነኩ አንዴ ጠበቅ አድርጎ መርገጥ። በቃ፣ ይኸው ነው። ጋዙን የነካ ሰው ግን ሞተሩን በነዳጅ ያጥለቀልቀዋልና እስኪደርቅለት ድረስ ሃያ ጊዜ ሲረግጥ ይኖራል።

ታዲያ ለምን አልነገርሽውም ትሉኛላችሁ። አባባ ሞተሩን የሰጠ ዕለት ጠጋ ብሎ በጆሮዬ «አንድ ሳምንት እንዳትነግሪው፣ ላቡን ልይለት» አለኝ። ቀልድ ይወድ ነበር፤ እኔም ሳቄን ዋጥ አድርጌ እሺ አልኩ። በስምንተኛው ቀን ልነግረው ወጣሁ። በዚያ ጠዋት ሃያ ስድስት ጊዜ ረግጦ አስነሳውና ፊቱ በላብ እንደታጠበ ወደ እኔ ዞሮ «አየሽ! ለመደኝ እኮ!» አለ። እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። አንጀቴን በላው። ነገ እነግረዋለሁ ብዬ ተመለስኩ። ነገ ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱ ወር፣ ወሩ ዓመት። አሥር ዓመት ባሏ ሲያልበው በመስኮት ስታይ የኖረች ሚስት ምን ብላ ትጀምራለች? «ውይ፣ አሁን ትዝ አለኝ» ትበል? አባባ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ሲሞት ምሥጢሩን ለእኔና ለእማዬ ጥሎብን ሄደ። የባለቤቴ ቀኝ ጉልበት መታመም ከጀመረ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ማታ ማታ ቅባት የምቀባው እኔ ነኝ። እንዴት አድርጌ እንደማሸው ብታዩ እንደዚህች ያለች ሚስት ከየት ይገኛል ትሉ ነበር።

እንዲህ ስንኖር እማዬ ደረጃ መውጣት በሐኪም ተከለከለች። ብቻዋን የምትኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ወሩ ሳያልቅ እኛ ጋ ልትገባ ተነጋገርን። ያለን ትርፍ ክፍል አንድ ነው፣ እሱንም የያዙት ሞተሮቹ ናቸው። ከዚያ ሲወጡ የሚጠለሉበት በረንዳው ጥግ ያለው ቆርቆሮ ሥር ብቻ ነው፤ እዚያ ደግሞ ከአንድ ሞተር በላይ አይገባም። ባለቤቴ ሦስት ጊዜ በሜትር ለክቶ ሦስቱንም ጊዜ አዝኖ ተመለሰ። አንደኛው ከቤት መውጣት ነበረበት።

«የትኛው?» አልኩት።

«እኔ አይደለሁም የምወስነው» አለ። «መዝነን የቀለለው ይሄዳል።»

አዲስ ደብተር አምጥቶ በመሃሉ መስመር አሰመረ፤ በግራ ቀዩ፣ በቀኝ ጥቁሩ። ቁልቁል አሥራ አንድ ጥያቄ ጻፈ። ለጉልበቱ የሚገዛውን ቅባት የሚሸጠው ባለ መድኃኒት ቤት ደግሞ ከድሮ ጀምሮ አሮጌ ሞተር ሲመኝ የኖረ ሰው ነው፤ «የትኛውም ይውደቅ፣ የወደቀውን እኔ እወስዳለሁ» ብሎ ቃል ገባ።

የመጀመሪያው ጥያቄ ነዳጅ ነበር። በሊትር አላመነም፤ ነዳጁን በናስ ክብደቶቹ መዝኖ እኩል እኩል አጠጣቸው። ቀዩ ራቅ አድርጎ ሄደ፤ አንድ ለቀዩ። ሁለተኛው ዳገት ነበር፣ ሁለት ሰው ጭኖ። ሁለተኛው ሰው እኔ ነኝ። በሁለቱም ቀን አንድ ዓይነት ልብስ እንድለብስና ምሳ ሳልበላ እንድመጣ ታዘዝኩ፤ ከምሳ በኋላ ክብደቴ አይታመንም ተባለ። የደረብኩትን ሹራብ እንኳ መዝኖ መለሰልኝ። በቀዩ የዳገቱ ወገብ ላይ ስንደርስ ሞተሩ ማቃሰት ጀመረና ወርጄ ከኋላ ገፋሁ።

«የወረድሽበት ቦታ ላይ ድንጋይ አስቀምጪ፣ ኋላ እለካዋለሁ» አለኝ፣ እየነዳ።

ጥቁሩ ሁለታችንንም እንደ ላባ አወጣን። መቀመጫም የጥቁሩ ሆነ፤ የእሱ እንደ ሶፋ ነው፣ የቀዩ እንደ ትምህርት ቤት አግዳሚ ወንበር። ፍሬን የቀዩ፤ የጥቁሩ ከመያዙ በፊት ስለሚጮህ ሰው ዘሎ ያመልጣል እንጂ ሞተሩ አይቆምም። የዘይቱም ነጥብ የቀዩ ነው፤ ጥቁሩ ሥሩ የተቀመጠለትን ጣሳ ሞልቶ ተገኘ። ውበት ላይ ሲደረስ እኔ «ጥቁሩ!» ብዬ ጮህኩ።

«አንቺማ ዘመድ ነሽ» አለ። «የአባትሽ ሞተር ነው። ዘመድ አይዳኝም።»

ባለ መድኃኒት ቤቱ ተጠርቶ ሁለቱንም ዞሮ ዞሮ አየና፣ ማንም እንዳይቀየም ብሎ፣ ከፊት ቀዩ ከኋላ ጥቁሩ ያምራል አለ። ባለቤቴ ለሁለቱም ግማሽ ግማሽ ጻፈ። አሥሩ ጥያቄ ሲያልቅ አምስት ለአምስት ወጡ።

አሥራ አንደኛው አነሳስ ነበር። እያንዳንዳቸው አሥር አሥር ጠዋት ይነሱና እርግጫቸው ይቆጠራል፤ ለዚህም የእሑዱ ዕረፍት ተሰረዘ። ይህን ሳነብ እጄ ላይ የነበረውን ጨርቅ በመቀስ ጠማማ ቆረጥኩት። ቀዩ አንድ፣ ጥቁሩ ሃያ። የአባባ ሞተር በእኔ ዝምታ ሊሄድ ነው ማለት ነው።

ጭንቅ ሲለኝ ለእማዬ ስልክ ደወልኩ።

«እንዴ! እስከ ዛሬ አልነገርሽውም?» አለች። መጀመሪያ እስኪያስላት ሳቀች፣ ቀጥሎ ግን ድምጿ ተለወጠ። «ልጄ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ስትመጡ ገና ከሩቁ ድምፁን እሰማና አባትሽ ከሥራ የገባ ይመስለኛል። ለእኔ መኝታ ብላችሁ እሱን የምትሸጡ ከሆነ እዚሁ ደረጃዬ ላይ ልሙት።»

በስድስተኛው ጠዋት ዘዴ ፈጠርኩ። ባለቤቴ ፊቱን እየታጠበ ሳለ ሹልክ ብዬ ወጥቼ ሁለቱን ቀስ ያለ እርግጫ ረገጥኩለት፣ አጋድዬ ቆጠርኩ፣ ተመልሼ መርፌዬን ያዝኩ። ወጣ፣ እንደ ልማዱ ጋዙን ጠመዘዘ፣ ቢሆንም ሦስተኛው ላይ ተነሳ። ደስ ይለዋል ብዬ ስጠብቅ ግንባሩን ቋጠረ። ደብተሩን አወጣና የጻፈውን ማታ አየሁት፤ «ከሌሎቹ ጋር የማይሄድ ውጤት። አጠራጣሪ። ተሰርዟል።» ይላል።

እራት ላይ በተዘዋዋሪ ሞከርኩ። «ምናልባት ጋዙን ባትነካው...» አልኩ፣ ሳህኔን እያየሁ።

በርኅራኄ ፈገግ አለልኝ። «የኔ እመቤት፣ እኔ በመርፌሽ ጉዳይ ገብቼ አውቃለሁ?»

አሥረኛው ጠዋት አለፈ። ውጤቱም ተጻፈ፤ ቀዩ አንድ እርግጫ፣ ጥቁሩ ሃያ። ስድስት ለአምስት። ባለቤቴ ደብተሩን ዘግቶ ጥቁሩን በጨርቅ ወለወለው፣ እስኪያበራ ድረስ። እሱም አልቀለለውም ነበር፤ ግን ሚዛኑ ከተናገረ ተናገረ ነው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ባለ መድኃኒት ቤቱ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። ከመውሰዱ በፊት ሞክረው ተባለ። አሥራ ሦስት ጊዜ ረግጦ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ።

«ጋሽ ሚዛን፣ እርስዎ ይህን በየጊዜው ነው የሚያደርጉት?»

«በሳምንት ሦስቴ» አለ ባለቤቴ በኩራት። «አየህ፣ እንዲህ ጋዙን ትከፍትና...» አምስተኛው እርግጫ ላይ ጉልበቱ ቀጭ ሲል እኔ መስኮት ላይ ሆኜ ሰማሁት። ጮኸና ጉልበቱን አቅፎ ከባለ መድኃኒት ቤቱ ጎን ተቀመጠ። «ግድ የለም» አለ፣ ጥርሱን ነክሶ፤ «እየገፋህ ውሰደው።»

ባለ መድኃኒት ቤቱ መሪውን ያዘ። የአባባ ሞተር ወደ ግቢው በር መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ሥሩ የነበረችው የዘይት ጣሳ ብቻዋን ቀረች። ምን እንደነካኝ አላውቅም። ሜትሬ አንገቴ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ በነጠላ ጫማ፣ ዘልዬ ወጣሁ።

«ቁም! ልቀቀው!» አልኩት።

ቀሚሴን ሰብሰብ አድርጌ ወጣሁበት። ሁለት ጊዜ ቀስ። ወደ ግራ አጋደልኩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። አቃናሁት። ማብሪያውን ከፈትኩ፣ እጄን ከጋዙ አራቅኩ፣ አንዴ ረገጥኩ።

ተነሳ።

ሞተሩ ብቻ ይናገራል፣ ያን የአባባን ድምፅ። አጠፋሁት።

«ድንገት ነው» አለ ባለቤቴ ቀስ ብሎ።

ደገምኩት። አንዴ ረገጥኩ፣ ተነሳ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ይህን የምታውቂው?»

«ከአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ» አልኩ። ከዚያ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ አባባን፣ ያችን ሳምንት፣ ስምንተኛውን ቀን፣ ያን የተሰረዘ ስድስተኛ ጠዋት። ባለ መድኃኒት ቤቱ አንዴ እኔን አንዴ የባለቤቴን ጉልበት ያያል።

«እትዬ» አለኝ በመጨረሻ፣ «ስድስት ዓመት ሙሉ ያን ሁሉ ቅባት የሸጥኩት ለዚህ ነው?»

ባለቤቴ ደብተሩን አወጣ። መሳደብ እስኪጀምር እጠብቃለሁ፣ እሱ ግን ማስላት ጀመረ። «በሳምንት ሦስት፣ በዓመት መቶ ሃምሳ ስድስት። በሃያ ሁለት ዓመት ሦስት ሺህ አራት መቶ ሠላሳ ሁለት ጠዋት። በሃያ ሲባዛ ስልሳ ስምንት ሺህ ስድስት መቶ አርባ እርግጫ።» ቀና አለ። «በየጠዋቱ አንዷ ተገቢ ናት፣ እሷን እቀንሳለሁ። ያለ አግባብ የረገጥኩት ስልሳ አምስት ሺህ ሁለት መቶ ስምንት ነው።»

«ይቅር በለኝ» አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገ። ከዚያ፣ ደብተሩን ሳይሆን እኔን እያየ፣ «በመስኮት እጅሽን ስታነሺልኝ እየሳቅሽብኝ ነበር?» አለ።

ይህችን ጥያቄ ነበር ሃያ ሁለት ዓመት የፈራሁት። «የመጀመሪያውን ሳምንት አዎ» አልኩት። «ከዚያ በኋላ ግን ሲነሳልህ እንዴት ደስ እንደሚልህ አይ ነበር። አንተ ደስ ሲልህ እኔም ደስ ይለኛል። ያን ፊትህን ልቀማህ አልቻልኩም። እውነቱ ይሄ ነው፤ ከፈለግክ እኔን ሽጠኝ።»

ባለ መድኃኒት ቤቱ የሚሄድበት ጠፍቶት ጣሳዋን ማየት ጀመረ።

ባለቤቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «የተነካካ ሚዛን ውጤቱ አይጸናም» አለ በመሥሪያ ቤት ድምፁ። አሥራ አንደኛውን ጥያቄ በሁለት መስመር ሰረዘና አስተካክሎ ጻፈው፤ ቀዩ አንድ፣ ጥቁሩ አንድ። «እኩል ናቸው። ስለዚህ አሥራ ሁለተኛ ጥያቄ ያስፈልጋል።» እያሰበ ጻፈ፤ «ከቤቱ ሰው ስንቱ ሊያስነሳው ይችላል?» ከዚያ ቀና ሳይል «ጥቁሩ፣ ሁለት ሰው። ቀዩንስ፣ አንቺ ማስነሳት ትችያለሽ?» አለ።

ያን ቀይ ሞተር የሦስት ወር ሕፃን ያስነሳዋል። ባለቤቴ ይህን ከእኔ በላይ ያውቃል።

«ሞክሬው አላውቅም» አልኩ። ውሸት አይደለም፣ ሞክሬው አላውቅም።

አየኝ። ረጅም ጊዜ አየኝ፤ የጢሙ ጫፍ ትንሽ ተንቀሳቀሰች። ከዚያ አጎንብሶ ጻፈ፤ «ቀዩ፣ አንድ ሰው ብቻ።» በሃያ ሁለት ዓመት ትዳራችን ባለቤቴ ጣቱን ሚዛን ላይ ሲያሳርፍ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ባለ መድኃኒት ቤቱ ቀዩን ወሰደ። አንዴ ረገጠው፣ ተነሳ፣ ያለ ኮሽታ ከግቢው ወጣ። ባለቤቴ እስከ በሩ እያነከሰ ሸኘው፤ በወጣትነቱ በራሱ ላብ የገዛው ነውና መንገዱ መታጠፊያ ላይ እስኪሰወር ቆሞ አየው። አሳዘነኝ። ኮቱን ከአጥሩ ላይ አንስቼ አለበስኩት።

«እንግዲህ ቅዳሜ አይደል?» አለኝ። «እናትሽ ይጠብቁናል።» ቁልፉንም ዘረጋልኝ። «ጉልበቴ ዛሬ አይሆንም።»

እኔ ከፊት ወጣሁ። እሱ ከኋላዬ፣ ያን ሶፋ የመሰለ መቀመጫ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሲነዳ እዚያ ተቀምጦበት አያውቅም። ትንሽ ተቁነጠነጠ። እጆቹን አንሥቶ አየር ላይ ተዋቸው።

«የት ነው የሚያዘው?» አለ።

«ወገቤን» አልኩት።

ያዘ። ዳገቱን ስንጀምር በጆሮዬ «ማርሹን ቶሎ ቀየርሽው» አለኝ። ጥቁሩ ሁለታችንንም ይዞ ያለ ምንም ማቃሰት ወጣ። ጫፍ ላይ ስንደርስ እማዬ ሦስተኛው ፎቅ መስኮት ላይ ቆማ እጇን እያወዛወዘች ነበር፣ ባለቤቴም መሪውን ማን እንደያዘ እንድታይለት አንድ እጁን ከወገቤ ላይ አንሥቶ ወደ እኔ እያመለከተ፣ «ልጅዎ ናት! አንድ እርግጫ ብቻ!» እያለ ይጮህ ነበር።